ከአፕዴት በኋላ የጠፋው ኢንተርኔት

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን የደኅንነት ማስተካከያዎች ከ2003 ጀምሮ የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። በእስራኤል ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ራሱ አውርዶ፣ ራሱ ጭኖ፣ ጠፍቶ ይነሣል። ረቡዕ ጠዋት ኔታንያ፣ ሔፍጺባ ወይም አዞሪም ሰፈር፣ አንዲት እናት የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን) ቀጠሮዋን ልታይ ስትከፍተው ፎቶው በቦታው አለ፣ ፋይሉ በቦታው አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም።

ኔታንያ ከየትኛውም የእስራኤል ከተማ ይልቅ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚኖሩባት ናት፤ ቁጥራቸው ከ11 ሺህ ይበልጣል። በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡት ወላጆች አሁን አያቶች ሆነዋል። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ወይም ሠራዊት ውስጥ። ጎንደር ካለች እህት ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገሪያው፣ የቢቱአሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) ጉዳይ መከታተያው፣ የባንክ ሒሳብ ማያው ይኸው አንድ መስመር ነው። መስመሩ ሲጠፋ ድንጋጤ ይመጣል፤ ከድንጋጤው ጋር የችኮላ ውሳኔ። አንዱ ቀኑን ሙሉ ወደ ኩባንያው ሲደውል ይውላል፣ ሌላው ለቴክናይ (ለቴክኒሻን) ከፍሎ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደርጋል፣ ሌላው ይባስ ብሎ አዲስ ይገዛል። ፎርማት በተደረገ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የነበረ የሰርግና የስግድ በዓል ፎቶ፣ የሟች አባት የተቀዳ ድምፅ አብሮ ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከአፕዴት በኋላ የሚመጣው የኢንተርኔት መጥፋት በአብዛኛው ቤት ውስጥ፣ ያለ ገንዘብ፣ አንድ ፎቶ ሳይነካ የሚፈታ ነው። ብልሽቱ የተቀመጠበት ቦታ አለው፤ በተራ የጠየቀው ሰው ያገኘዋል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ኢንተርኔት የጠፋው ከቤቱ ነው ወይስ ከዚህ ኮምፒውተር ብቻ የሚለው ነው። መልሱ ስልክ ላይ አለ። ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አያይዞ የሲም ካርዱን ዳታ ማጥፋት፣ ከዚያ ዩቲዩብ ወይም አንድ ገጽ መክፈት። ዳታውን ሳያጠፉ የሚፈትኑ ብዙ ናቸው፤ ስልኩ የዋይፋዩ ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ሳያስታውቅ ወደ ሲሙ ይሻገርና ሰውን ያታልላል። ዳታው ጠፍቶም ስልኩ ከሠራ ራውተሩ ደኅና ነው፣ ገመዱ ደኅና ነው፣ ኩባንያውም ሥራው ላይ ነው። ነገሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነውና ለማንም መደወል አያስፈልግም።

እስራኤል ውስጥ ይህች የአንድ ደቂቃ ፈተና የበለጠ ዋጋ አላት። ለብዙ ዓመታት የቤት ኢንተርኔት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ታሽቲት የሚባለውን መሠረተ ልማት ቤዜቅ ወይም ሆት ያቀርባል፣ ግንኙነቱን ደግሞ ሳፓክ የሚባል ሌላ ኩባንያ ይሸጣል። ይህ ክፍፍል ሙሉ በሙሉ የቀረው በ2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ብልሽት በመጣ ቁጥር አንዱ ወደ ሌላው ሲመራ፣ ዕብራይስጥ የማይቀናው ሰው መሐል ላይ ይቀር ነበር። ዛሬም ቢሆን “ስልኬ በዋይፋይ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የቆመው” ብሎ መናገር የሚችል ሰው ማንም አያንከራትተውም። ስልኩም ካልሠራ ግን ከአፕዴቱ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም። ራውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ መሰካት፣ መብራቶቹ እስኪረጋጉ መጠበቅ፣ ካልተመለሰ መደወል ነው። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሸማቾች ሕግ ማሻሻያ ለብልሽት ጥሪ ሰው በ6 ደቂቃ ውስጥ ስልክ እንዲያነሣ ኩባንያዎችን ያስገድዳል፤ ይህን መብት ማወቅ ይጠቅማል።

ስልኩ ሠርቶ ኮምፒውተሩ ካልሠራ፣ ቀጥሎ የሚደረገው በጣም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማምንበት እርሱን ነው፦ ኮምፒውተሩን ሃፍዓላ መሐዳሽ (ሪስታርት) በሚለው ቁልፍ ማስነሣት። ኪቡይ (ሻት ዳውን) በሚለው አጥፍቶ ማብራት ተመሳሳይ ሥራ አይሠራም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲወጣ ፈጣን ማስነሻ የሚባል ዘዴ ይዞ መጣ። ኪቡይ ሲጫን የተከፈቱት ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የሥርዓቱ እምብርትና የመሣሪያዎቹ ድራይቨሮች ግን የነበሩበት ሁኔታ እንዳለ ዲስክ ላይ ይቀዳል። ጠዋት ሲበራ ያ የተቀዳው ተመልሶ ይጫናል። ልብሱን ሳያወልቅ እንደተኛ ሰው ነው፤ ሲነሣ ያው የትናንቱን ለብሷል። ማታ የተበላሸ የኔትወርክ ሁኔታ አብሮ አድሮ አብሮ ይነሣል። ሃፍዓላ መሐዳሽ ግን ሁሉንም አራግፎ ከመጀመሪያው ይጭናል። ስለዚህ “ስንት ጊዜ አጠፋሁት አበራሁት፣ ያው ነው” የሚል ሰው አልዋሸም፤ ሥርዓቱ ግን አንድም ጊዜ ከሥሩ አልተነሣም።

ይህ በዲሴምበር 2016 በሰፊው ታየ። በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ዊንዶውስ 10 የጫኑ ብዙ ሰዎች ድንገት ኢንተርኔት አጡ። ደንበኛው ኩባንያውን፣ ኩባንያው ማይክሮሶፍትን ሲጠይቅ ቆየ። ኮምፒውተሮቹ ከራውተሩ የኔትወርክ ቁጥር መቀበል አቅቷቸው ነበር። ማይክሮሶፍት በድጋፍ ገጹ አናት ላይ የለጠፈው የመጀመሪያ ምክር ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት የሚል ነበር፤ “ሻት ዳውን አይደለም” የሚል ማሳሰቢያም አክሎበታል። ማስተካከያው ዲሴምበር 13 ወጣ። ማስተካከያውን ለማውረድ ግን ራሱ ኢንተርኔት ያስፈልጋልና፣ ሪስታርት ያላደረገ ሰው መድኃኒቱ ወጥቶም ሊደርሰው አልቻለም።

የኔትወርክ ቁጥር ያልኩትን ላብራራ። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ራውተሩን ቁጥር ይጠይቀዋል፤ ራውተሩ ካልተያዙት አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል። ጠይቆ መልስ ያጣ ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ያወጣል። ይህን ማየት ከባድ አይደለም። ሃግዳሮት (ሴቲንግስ) ውስጥ ሬሼት ቬኢንተርኔት (ኔትወርክና ኢንተርኔት) የሚለው ይከፈታል፣ የተያያዘበት ዋይፋይ ዝርዝር ይታያል፣ ወደ ታች ሲወርዱ ቁጥሩ ተጽፏል። 169.254 ከሆነ ኮምፒውተሩና ራውተሩ አልተግባቡም። በ10.0.0 ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተግባብተዋል ማለት ነው። የብዙ ቤዜቅ ራውተሮች የራሳቸው ቁጥር 10.0.0.138 ነው። ይህን ቁጥር ብራውዘሩ ላይ ጽፈው የራውተሩ ገጽ ከተከፈተልዎ ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ክፍት ነው፤ ዋይፋዩን መጠርጠር ይቁም።

መንገዱ ክፍት ሆኖ ገጾቹ ካልተከፈቱ የሚጠረጠረው የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት፣ ዲኤንኤስ ነው። መፈተኛው የትእዛዝ መስኮቱን (cmd) ከፍቶ ping 1.1.1.1 ብሎ መጻፍ ነው፤ ቁጥሩ ከ2018 ጀምሮ ያለ የሕዝብ ዲኤንኤስ ነው። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ በስም የተጻፉት ገጾች እምቢ ካሉ ብልሽቱ እዚያ ላይ ነው። ያኔ በዚያው በሬሼት ቬኢንተርኔት ገጽ ዲኤንኤሱን ወደ አውቶማቲክ መመለስ፣ አውቶማቲክ ከነበረ ደግሞ 1.1.1.1 ወይም የጉግልን 8.8.8.8 በእጅ ማስገባት ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ስላለችው ትንሽ ምልክትም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እርሷን ብቻ አይቶ ተስፋ ይቆርጣልና። ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ማይክሮሶፍት ካዘጋጀው አንድ ገጽ ላይ አጭር ጽሑፍ ለማንበብ በመሞከር ነው። ጽሑፉ እንደሚጠበቀው ከመጣ ምልክቷ ደኅና ነው ትላለች፤ ካልመጣ ኢንተርኔት የለም ትላለች። ስለዚህ ምልክቷ የምትነግረን የዚያን ፈተና ውጤት ነው። በማርች 2020፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ ገብቶ በቪፒኤን በሚሠራበት ሰሞን፣ የዊንዶውስ 10 አፕዴት ቪፒኤንና ፕሮክሲ የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች ላይ ኢንተርኔት የለም ወይም ውሱን ነው የሚል ምልክት ያሳይ ነበር። ማይክሮሶፍት የወሩን ማክሰኞ ሳይጠብቅ ማርች 30 ማስተካከያ ለቀቀ። ምልክቷ የለም ስትል እንኳ ብራውዘር ከፍቶ መሞከር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የዋይፋይ ምልክቱ ጭራሽ የጠፋ እንደሆነስ? መጀመሪያ ማጻቭ ቲሳ፣ የአውሮፕላኑ ምልክት ያለበት ቁልፍ፣ ሳይታወቅ ተጭኖ እንዳይሆን ይታይ። እርሱ ካልሆነ ድራይቨሩ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የዋይፋይ ካርድ ኢንቴል፣ ሪያልቴክ፣ ኳልኮም ወይም ሌላ ኩባንያ ሠርቶት ይሆናል፤ ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝዘው ለእርሱ በተጻፈ ፕሮግራም ነው፣ ድራይቨር የሚባለው ይኸው ነው። በተለይ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 እንደሚደረገው ያለ ትልቅ አፕዴት ሥርዓቱን ከሥሩ ስለሚቀይር የቀድሞው ድራይቨር አልስማማ ሊል ይችላል። ካርዱ ያለበት ቦታ አለ፣ ግን የሚያናግረው አጣ።

አዞሪም የሚኖሩ አንድ አባት የዚህ ዓይነት ነገር ገጥሟቸው ጠርተውኝ ነበር። ላፕቶፑ ወደ ዊንዶውስ 11 ካደገ ወዲህ የዋይፋይ ዝርዝሩ ባዶ ነው።

“አንተ ልጅ፣ እዩኝ እዩኝ ሲል የነበረ ዋይፋይ ዛሬ የት ገባ? የጎረቤቱም የለም፤ አንድም ስም አይወጣም።”

“አባባ፣ ዋይፋዩስ አለ፤ ስልክዎ ላይ ይታያል። ኮምፒውተሩ ነው ማየት ያቃተው። እስቲ ስልክዎን ከነቻርጅ ገመዱ ያቀብሉኝ።”

የአንድሮይድ ስልክ ነበር። ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካን፤ ስልኩ ውስጥ ሆትስፖት ከሚገኝበት ቦታ ገብተን ኢንተርኔትን በዩኤስቢ ማካፈል የሚለውን አበራነው። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ገመድ ነበር፤ እንዲህ ያሉት ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ አያሳልፉም። የልጅ ልጃቸውን ገመድ አምጥተው ሲሰኩት ጥግ ላይ የሽቦ ግንኙነት ምልክት ብቅ አለ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች በዚህ መንገድ የቤቱን ዋይፋይ ራሱን ያስተላልፋሉና የእርሳቸው የሲም ዳታ አልተነካም። ከዚያ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ውስጥ አማራጭ አፕዴቶች ከሚባለው ሥር የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር ተዘርዝሮ አገኘነው። አወረድነው፣ ሃፍዓላ መሐዳሽ አደረግነው፣ የሰፈሩ ዋይፋዮች ስም ተደርድሮ መጣ። ቴክናይ ጠርተው ቢሆን ኖሮ ፎርማት ይደረግ ይሏቸው ነበር። በአይፎን ይህን ለማድረግ ኮምፒውተሩ ላይ የአፕል ሶፍትዌር ቀድሞ መኖር ስላለበት፣ ጎረቤት ሄዶ አንድሮይድ መዋስ ይቀላል።

ድራይቨሩ ኖሮ አዲሱ ከሆነ የተበላሸው፣ ሜናሄል ሃሄትኬኒም በሚባለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጭኖ፣ የድራይቨር ገጹን ከፍቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ቁልፉ ደብዝዞ የማይጫን ከሆነ የቀድሞው አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ያኔ በስልኩ ገመድ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ማውረድ ነው። አንዳንዴ ቤት ውስጥ የሚሠራው ላፕቶፕ ኮሌጅ ሲሄድ ብቻ እምቢ ይላል፤ በዲሴምበር 2023 የዊንዶውስ 11 አፕዴት በዩኒቨርሲቲዎችና በትልልቅ ድርጅቶች ዋይፋይ ላይ እንዲህ ያለ ችግር አስከትሎ ማይክሮሶፍት ከርቀት ለውጡን መለሰው። ቤቱ ደኅና የሆነ ተማሪ ካርዱን ከመቀየር ይልቅ የኮሌጁን የኮምፒውተር ክፍል መጠየቅ አለበት።

ሌላው ሰው የማይጠረጥረው ነገር በኮምፒውተሩና በኔትወርኩ መካከል የሚቀመጡ ማጣሪያዎች ናቸው። አንቲቫይረስ፣ ቪፒኤን፣ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚያስገቡት የኢንተርኔት ማጣሪያ፣ ሁሉም የሚያልፈውን ነገር ለማየት መንገዱ ላይ ይቆማሉ። አፕዴቱ ከሥራቸው ያለውን ሥርዓት ሲቀይር መንገዱን ዘግተው ሊቀሩ ይችላሉ። ዊንዶውስ 10 በጁላይ 2015 ሲወጣ ያረጀ የቪፒኤን ሶፍትዌር የነበረባቸው ኮምፒውተሮች ካደጉ በኋላ ዋይፋያቸው ጠፍቶ ነበር፤ ምክንያቱ ሶፍትዌሩ የተወው የማጣሪያ ድራይቨር ነበር። አፕልም አላመለጠም፤ በሴፕቴምበር 2024 የወጣው ማክኦኤስ ሴኮያ ከአንዳንድ የደኅንነት ሶፍትዌሮች ጋር ተጋጭቶ ግንኙነት ሲያቋርጥ፣ ከሳምንታት በኋላ በመጣ ማስተካከያ ነው የተስተካከለው። በጃንዋሪ 2022 የዊንዶውስ አፕዴት የአንድ ዓይነት ቪፒኤንን ግንኙነት ሰብሮ በሳምንት ውስጥ ተስተካክሏል። አጥፍቶ መፈተን ብቻ አይበቃም፤ ማጣሪያው ቢዘጋም ድራይቨሩ ስለሚቀር ሶፍትዌሩን ነቅሎ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቶ፣ ኢንተርኔቱ ከተመለሰ የቅርብ ጊዜውን እትም መልሶ መጫን ያስፈልጋል። ዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ስላለው በመሐል ያለው ጊዜ ባዶ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ኢፑስ ሬሼት (ኔትወርክ ሪሴት) የሚባለው አለ። በሬሼት ቬኢንተርኔት ገጽ ግርጌ ነው የሚገኘው፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ተጨማሪ የኔትወርክ ማስተካከያዎች ከሚለው ውስጥ። የኔትወርክ ካርዶቹን ሁሉ ነቅሎ እንደ አዲስ ይጭናል፣ ማስተካከያዎቹን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ፎቶና ፋይል አይነካም። የሚያጠፋው የተቀመጡትን የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችና የቪፒኤን ግንኙነቶችን ነው፤ ስለዚህ ቁልፉን ከመጫን በፊት ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የይለፍ ቃል ማየት፣ ተቀይሮ ከሆነ የቀየረውን ልጅ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው አፕዴቱን ራሱን መንቀል ነው። የወሩ አፕዴት ከአፕዴት ታሪክ ገጽ ይነቀላል፤ ትልቁን አፕዴት ግን ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ የሚቆየው 10 ቀን ብቻ ነው። 10 ቀን ካለፈ ዊንዶውስ የቀድሞውን ሥርዓት ፋይሎች ይሰርዛል። ልጁ ከሠራዊት እስኪመለስ ብሎ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ማስቀመጥ ይህን ዕድል ሊያሳልፍ ይችላል፤ ቀኑን መቁጠር ይበጃል።

አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው “ከእንግዲህ አፕዴት አይነካኝም” ብሎ ሁሉንም ሲያጠፋው አይቻለሁ። እዚህ ላይ አልስማማም። በማርች 14 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት አንድ ማስተካከያ ለቀቀ፤ ሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ በዋናነት የመታው ያንን ማስተካከያ ያልጫኑትን ነው። ሁለት ወር ገደማ ጊዜ ነበራቸው። በብሪታንያ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘዋል፣ የቤተሰብ ፎቶዎች ተቆልፈው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። በአፕዴት የጠፋ ኢንተርኔት ይመለሳል፤ በቫይረስ የተቆለፈ ፋይል ብዙ ጊዜ አይመለስም። ማቆም ካስፈለገ ለአንድ ሳምንት ማዘግየት የሚለው ቁልፍ አለ፤ ማይክሮሶፍት የተበላሸውን እስኪያስተካክል ድረስ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

ይህ ጉዳይ አሁን ብዙ ቤቶችን የሚነካበት ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፤ የተመዘገቡ ቤቶች እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ የደኅንነት ማስተካከያ ማግኘት ይችላሉ። ለዓመታት ያልተነኩ ላፕቶፖች ወደ 11 እያደጉ ነው፣ ከእነርሱ አንዳንዱ የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር ያልተጻፈለት ሊሆን ይችላል። ከማሳደግ በፊት ፎቶዎቹን በዩኤስቢ ፍላሽ ላይ መቅዳት፣ የአምራቹን የዋይፋይ ድራይቨር አውርዶ እዚያው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ መጻፍ አንድ ምሽት የማይፈጅ ሥራ ነው። ድራይቨር ከነጭራሹ ያልተገኘለት ካርድ ሲገጥም ደግሞ ላፕቶፑን መጣል አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ 11ን እንደሚቀበል ማሸጊያው ላይ የተጻፈበት፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ በማንኛውም የኮምፒውተር ሱቅ በጥቂት ዐሥር ሼቄል ይገኛል።